ፀጉር ያላበቀለ አይብ

ጉንቮር ረቡዕ ጠዋት አይብ እየበሰለ የሚከርምበትን የመክረሚያውን ክፍል በር ከፍታ ስትገባ አሥራ ሁለቱም ክብ አይቦች ተገልብጠው ጠበቋት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ በአንድ እያነሳች ያገላበጠቻቸው ራሷ ናት። እንዳይምታታባትም በያንዳንዱ አናት ላይ በእንጨት ጫፍ ትንሽ መስቀል ጭራባቸዋለች። ትናንት ክፍሉን ዘግታ ስትወጣ መስቀሎቹ ወደ ታች ነበሩ። አሁን አሥራ ሁለቱም መስቀሎች ጣራውን ያያሉ፤ ጭራሽ ማንም ያልነካቸው ይመስል።

«ገልብጫችኋለሁ እኮ» አለቻቸው።

እጇን በሽርጧ ጠረገችና እንደገና ልትገለብጣቸው የመጀመሪያውን አነሳች፤ ከዚያ ደግሞ መልሳ አስቀመጠችው። ምናልባት ዛሬ ጠዋት ገብታ ገልብጣ፣ ወጥታ፣ ረስታ እንደገና ገብታ ቢሆንስ? ጎማ ጫማዋን አየች። እርጥብ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው የረጠበው? በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል መሃል አይብ ታቅፋ ስንት ደቂቃ እንደቆመች እሷም አታውቅም።

ጉንቮር ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ቬስለዳል በምትባል ተራራማ የባሕር ዳር መንደር ተወልዳ፣ ቬስለዳል አግብታ፣ ባሏንም እዚያው ቀብራለች። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ቅቤና አይብ በሚሠራበት በመንደሩ ወተት ቤት ሠርታለች፤ ወተት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ በዚያ ገደል ገደሉን በሚሄድ መንገድ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ነድታለች። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ልጅ ረስታ አታውቅም። የማን ልጅ ጓንት እንደጣለ፣ የማን ልጅ መታጠፊያው ላይ እንደሚያስመልሰው በቃሏ ነበር የምትይዘው። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ አሥራ ሁለት አይብ ማገላበጧንና አለማገላበጧን መለየት ያቃታት።

ወተት ቤቱ ከተዘጋ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የመንደሩ ሰባት እርሻዎች ወተት በየሁለት ቀኑ በቦቴ ይጫንና በጀልባ ተሻግሮ፣ ሦስት ዋሻ አልፎ ከተማ ይገባል። እዚያ ቅቤና አይብ ይሆንና ሦስቱን ዋሻ እንደገና አልፎ፣ ጀልባውን እንደገና ተሻግሮ መንደሩ ሱቅ ይመጣል። ሲግቢዮርን የሠላሳ ላሞች ጌታ ነው፤ ላሞቹን አልቦ ሲጨርስ እበት የነካውን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሱቅ ሄዶ የራሱን ላሞች ቅቤ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገዛል። ይህን ማንም እንደ ቀልድ አልቆጠረውም፤ የሚያስቅ ነገር ሲደጋገም ኑሮ ይሆናል።

ከዚያ በአንድ ክረምት የበረዶ ናዳ መንገዱን አሥራ አንድ ቀን ዘጋው። በሦስተኛው ቀን የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሰባቱ ገበሬዎች የሚወስድላቸው ያጡትን ወተት ቦይ ውስጥ መድፋት ጀመሩ። ሱቁና ቦዩ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰዉ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ከሱቅ ሲወጣ በቦዩ ወተት ሲወርድ ያያል። ያን ጊዜ ነው መንደሩ ያፈረው። ለበዓል እንኳ የማይሰበሰቡ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የወተት ቤቱን ጣራ፣ ወለሉን፣ መስኮቱን በደቦ አደሱት። ኮሚቴው አሁን የወንዙን ዳር ወፍጮም ሊያስነሳ እያሰበ ነው።

ቅቤውንና ተራውን አይብ የሚሠራ ሰው አላጡም፤ መጽሐፉም አለ፣ ኮርሱም አለ። የአሮጌው አይብ ነገር ግን ሌላ ነው። አሮጌው አይብ ቅቤው ከወጣለት ጎምዛዛ ወተት ይሠራል፤ ወተቱ ተሞቆ አይቡ ከአጓቱ ይለያል፣ ከዚያ እዚያው አጓት ውስጥ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ሳንቃ ላይ ይቀመጣል። ሳንቃው ላይ እያለ ፀጉር ያበቅላል። ረጅም፣ ግራጫ፣ ለስላሳ ሻጋታ። አይብ ሠሪዋ ያንን ፀጉር በመዳፏ እያሸች ወደ አይቡ ትመልሰዋለች፤ ሌላ ይበቅላል፤ እንደገና ታሸዋለች። በመጨረሻ ውስጡ ቡናማ ሆኖ፣ የቀመሰው ሰው ወይ ዕድሜ ልኩን የሚፈልገው፣ ወይ ሁለተኛ እዚያ ቤት የማይደርስበት ነገር ይሆናል። ቬስለዳል ያለዚህ አይብ ወተት ቤት ከፍቻለሁ ቢል ራሱን ማታለል ነው።

አሠራሩን በእጇ የምታውቅ በሕይወት ያለች ሴት ጉንቮር ብቻ ናት። ልጅ ሳለች ስድስት በጋ ሙሉ ተራራው ላይ በአክስቷ በብሪታ የበጋ ጎጆ ከላሞቹ ጋር ከርማ አይብ ስታሽ ነው ያሳለፈችው። ብሪታ አንድ ቃል ጽፋ አታውቅም። ስለዚህ ሲግቢዮርን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆኖ አንድ ቀን በሯ ላይ ቆመ።

«የብሪታን አይብ ትሠሪልን እንደሆነ ብለን ነበር» አለ።

«ብለን ማለት እነማን?»

«እኛ ነና።»

«ሰባ አንድ ዓመቴ ነው ሲግቢዮርን።»

«እሱንማ እናውቃለን። ሌላ ሰው ቢኖር አንቺን እንለምን ነበር?»

በቬስለዳል ይህ እንደ ትልቅ ምስጋና ይቆጠራል። ጉንቮርም እንደዚያው ወሰደችው፤ በማግስቱ ተራራ ወጥታ ከብሪታ ጎጆ ያንን በዕድሜ የጠቆረ ሳንቃ አስወርዳ መክረሚያው ክፍል ውስጥ አስገጠመችው። የአይቡ ፀጉር ዘሩ ያለው እንጨቱ ውስጥ ነው። የብሪታም ሕግ አንድ ነበር፤ የወተት ዕቃ ሁሉ በፈላ የጥድ ውሃ ይታጠባል፣ ሳንቃው ግን በጭራሽ።

እና አይቡ እንቢ አለ።

የመጀመሪያዎቹ አይቦች አምስት ሳምንት ሳንቃው ላይ ተቀምጠው ራሰ በራ ሆነው ቀሩ። የሁለተኛው ዙር እንደ ሕፃን አገጭ ትንሽ ፀጉር ብቅ አደረገና በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ጉንቮር አሰበች፣ ሙቀቱን ጨመረች፣ ቀነሰች። አንድ ቀን መክረሚያው ውስጥ ስትገባ የጥድ ሽታ ሸተታት። ሳንቃውን ዳሰሰችው፤ ርሷል። የጥድ ውሃ የምታፈላው እሷ ናት፣ ባልዲው የእሷ ነው፣ ብሩሹ የእሷ ነው። የወተቱን ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እጇ በልማድ ወደ ሳንቃው ሄዶ ይሆን? ራሷን «አጥቤዋለሁ?» ብላ ጠየቀች፤ «አላጠብኩም» አለች፤ ከዚያ ደግሞ «ታዲያ ማን አጠበው?» አለች።

በሌላ ቀን ዘግታው የሄደችው መስኮት ተከፍቶ ንፋስ ይገባበታል። ከዚያ የአይቦቹ መገላበጥ ጀመረ። የምትሠራውን ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች፤ «ማክሰኞ፣ ገልብጫለሁ» ብላ በሩ ጀርባ ትለጥፋለች። በማግስቱ ወረቀቱ ገልብጠሻል ይላታል፣ አይቦቹ አልገለበጥሽንም ይሏታል። ከሁለቱ የሚዋሸው ማነው? ወረቀት ራሱን አይጽፍም፤ አይብም ራሱን አይገለብጥም። ብዙ አስባ ዋሾው ወረቀቱ ነው ብላ ፈረደች፤ ሥራውን ሳልሠራ ቀድሜ ጽፌው ይሆናል አለች። ይህ ፍርድ ይበልጥ አስፈራት።

ምክንያቱም እናቷን ታስታውሳለች። እናቷንም የጀመራት እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነበር። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋ ምድጃ ውስጥ ተገኘ፣ ከዚያ ጉንቮርን ብሪታ እያለች ትጠራት ጀመር። በመጨረሻ በሩን የሚከፍትላት ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቅ እያመሰገነች ትገባ ነበር። ጉንቮር በሕይወቷ ከናዳም፣ ከገደልም፣ ከባሕርም በላይ የምትፈራው ይህን ነው። አሁን በየጠዋቱ የመክረሚያውን እጀታ ስትይዝ የምትፈትሸው አይቡን ብቻ አልነበረም፤ ጭንቅላቷ አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ጭንቅላቷ ከሌለ ቁልፉን ማስረከብ አለባት፤ ቁልፉን ካስረከበች አይቡ አበቃ።

ሰው ለምን አልጠየቀችም? ለመጠየቅ መናገር ይጠይቃላ። «አይቦቼን ገልብጣችኋል ወይ?» ብሎ መንደር መዞር «አእምሮዬ ሄዷል» ብሎ ማወጅ ነው። ዝም አለች። ዝም ብላ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ከደቡብ የመጣች ወጣት ናት፤ አሮጌውን አይብ አንዴ ቀምሳ ሁለተኛ ስሙን የማታነሳ። የማስታወስ ችሎታዋን ለመፈተን ጉንቮርን የሰዓት ፊት አሣለቻት። ሦስት ቃላት ነግራት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠየቀቻት። ጉንቮር ሰዓቱን አሳምራ ሣለች፤ ቃላቱንም ሳትንተባተብ መለሰች።

«በጣም ጥሩ ነው፤ ለዕድሜሽ» አለቻት ሐኪሟ።

«ለዕድሜሽ ማለት?»

«ማለቴ፣ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ አይቦቹን ማነው የሚገለብጣቸው?»

«አይቦቹን?» አለች ሐኪሟ፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጉንቮርም በይሉኝታ አብራ ሳቀችና በጀልባው ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ «ለዕድሜሽ» የምትለዋ ቃል ከጭንቅላቷ አልወጣ አለች። ያ የሣለችው ሰዓት ትክክል ነበር፤ ትክክለኛ ሰዓት መሣል የምትችል ሴት ሳንቃ ልታጥብ ትችላለች ወይስ አትችልም? ሐኪሟ ይህን አልነገረቻትም።

መስከረም ሲገባ፣ በጎቹ ከተራራ በሚወርዱበት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ትልቁ ነገር መጣ። ሦስት መቶ ሊትር ጎምዛዛ ወተት ድስቱ ውስጥ ነበር። ሞቀ፣ አይቡ ተለየ፣ እሳቱን አጠፋች፣ ጨርቆቹን ልታሰጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ነፋሱ ደስ ይል ነበርና ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ጭሱ በር ላይ ተቀበላት። እሳቱ እየነደደ ነው። የድስቱ ሥር ጥቁር ከሰል ሆኗል፤ የሰባቱ እርሻ ወተት እንዳለ አሯል።

የጋዙን እጀታ ያዞረችበት መዳፏ እስካሁን ቅዝቃዜው ይሰማዋል። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ወደ ቀኝ ነበር ያዞረችው፣ ቀጭ ብሏል። ግን እጀታውን በየሁለት ቀኑ ነው የምታዞረው፤ ይህ ቅዝቃዜ የዛሬ ነው ወይስ የማክሰኞ? ቀጭ ያለው የዛሬው ነው ወይስ የባለፈው ሳምንት? የወተት ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችበትና የዛሬውን እጀታ ከሌሎቹ እጀታዎች ለይታ ለማውጣት ሞከረች። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑባት። ያን ጊዜ ያረረውን ድስት እያየች አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ የምትወስነው ነገር ግልጽ ነበር። ዐርብ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የብሪታን አይብ አሠራር በሦስት ገጽ ጻፈች። የጻፈችውን ስታነበው አንዱም መስመር የሚጠቅም አልመሰላትም። «እስኪበቃው ድረስ ማሸት» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማን ምን ይፈይዳል?

የማኅበሩ ስብሰባ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በወተት ቤቱ ሰገነት ነበር። አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣና ቡናቸውን ይዘው በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሲግቢዮርን ስለ ወፍጮው ረጅም ነገር አነበበ፤ የወፍጮው ድንጋይ የት እንደሚገኝ፣ ገብስ የሚዘራው ማን እንደሆነ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» አለ፤ እንደማይኖር እርግጠኛ በሆነ ድምፅ።

ጉንቮር እጇን አወጣች። ተነስታ ቁልፉንና ሦስቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የብሪታ አይብ ይሄ ነው» አለች። «የማስታውሰውን ጽፌዋለሁ። የማላስታውሰውን መጻፍ አልቻልኩም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ሲግቢዮርን።

«እናቴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እኔም እዚያው መንገድ ላይ ነኝ። ሳንቃውን አጥበዋለሁ፣ ማጠቤን አላስታውስም። መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። አይቦቹን ገልብጬ እወጣለሁ፣ በማግስቱ አልተገለበጡም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ወተታችሁን አሳረርኩት። አውቶቡስ ብነዳ ኖሮ ልጅ እገድል ነበር። በቃ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ቀስ እያለ አንዳንድ ፊቶች ላይ የሆነ ነገር ተጀመረ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ኦድኒ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠረች ጡረተኛ አስተማሪ፣ ከአንገቷ ጀምሮ መቅላት ጀመረች።

«ሳንቃው እንኳን...» አለች ኦድኒ። «እሱ እንኳን አንቺ አይደለሽም።»

«ማነው ታዲያ?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ኦድኒ!»

«ለምሳ ቤትሽ ስትሄጂ... አልፎ አልፎ ገባ ብዬ... በጸደይ ጊዜ ደክሞሽ አየሁሽ እኮ። ትንሽ ፈተግ አደረግኩት። በጥድ ውሃ።»

«በፈላ?»

«በፈላ ነዋ! በጣም ቆሽሾ ነበር ጉንቮር! ፀጉር አብቅሎ ነበር!»

ጉንቮር ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ከጸደይ ጀምሮ ቀን ከሌት ስትጠብቀው የነበረው ፀጉር በቅሎ ነበር፤ ኦድኒ ደግሞ በብሩሽ ፈትጋ አወጣችው።

«አይቦቹን...» አለ ሲግቢዮርን ወደ ወረቀቱ እያየ፤ «እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ላሞቹ ስሄድ ነው። ከባድ ናቸው፣ ወገብሽን ብዬ፤ የነገ ሥራ ይቅለልሽ ብዬ ገልበጥ አደርጋቸዋለሁ።»

«እኔ እኮ ጠዋት ገልብጫቸዋለሁ! አንተ ስትገለብጣቸው ወደ ነበሩበት ትመልሳቸዋለህ!»

«አሁን ሳስበው፣ አዎ።»

«መስኮቱ እኔ ነኝ» አለ ከበሩ አጠገብ ቶርላይቭ። ቶርላይቭ ጎረቤቷ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከድመቱ ጋር የሚኖር፣ በቀን አሥር ቃል የማይሞላ ሽማግሌ።

«ለምን ትከፍተዋለህ?»

«ይሸታል።»

«መሽተት አለበት እኮ!»

«አሁን ገባኝ» አለ ቶርላይቭ።

የቬስለዳል ሰው እንዲህ ነው። ቀን ቀን በር አይቆልፍም፤ በጎ ሥራ ሲሠራ እንደ ሌባ ተደብቆ ገብቶ ተደብቆ ይወጣል፤ ሠራሁ ብሎ መናገር ጉራ ነው፣ ነውር ነው። ጉንቮር ራሷ አሥር ክረምት ሙሉ የኦድኒን ደጃፍ በረዶ ኦድኒ ሳትነቃ ጠርጋ ትሄዳለች፤ ኦድኒ አንድ ቀን አላመሰገነቻትም፣ ጉንቮርም ምስጋና ቢመጣባት የምትገባበት ይጠፋት ነበር። ስለዚህ ማንንም የመውቀስ መብት አልነበራትም። ቢሆንም ወቀሰቻቸው።

«ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ!» ብላ ጮኸች። «ሰዓት ሣይ ተብዬ ሥያለሁ! አበድኩ ብዬ ራሴን ስጠብቅ ከርሜያለሁ! አንድ ቃል! አንድ ቃል የሚናገር ሰው በዚህ አገር የለም?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን አየ። ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው፣ ኦድኒ በመሐረብ አፏን ይዛ ትንፈራፈር ጀመር። ጉንቮርም ልትቆጣ አስባ ሳቋ ቀደማት። እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። ጭንቅላቷ አለ! ሳንቃውን ኦድኒ፣ አይቡን ሲግቢዮርን፣ መስኮቱን ቶርላይቭ፤ ሁሉም ነገር ባለቤት አገኘ። ከጸደይ ወዲህ እንዲህ ቀሏት አያውቅም።

«ኧረ እናንተስ!» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «በሉ፣ ድስቱስ? የሐሙሱን እሳት መልሶ የለኮሰው የትኛው ደግ ሰው ነው?»

ሳቁ እንደመጣ ሄደ።

ጉንቮር ፈገግ እንዳለች ወደ ኦድኒ ዞረች። ኦድኒ ዋፍሏን ታያለች። ወደ ሲግቢዮርን ዞረች። ሲግቢዮርን ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሌሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የሚቀላ ፊት ፈለገች፣ አጣች። ሁሉም ሌላው እንዲናገር እየለመነ እርስ በርሱ ይተያያል። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። እጀታው፣ ቅዝቃዜው፣ ቀጭ ያለው ድምፅ፣ ሁሉም ተመልሰው መጡባት፤ አሁንም የትኛው የየትኛው ቀን እንደሆነ አታውቅም።

«እሱም እኔ ነኝ» አለ ቶርላይቭ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ሐሙስ ዕለት?» አለች ጉንቮር።

«ሐሙስ ዕለት። በዚያ ሳልፍ እሳቱ ጠፍቶ አየሁት። ረስታው ነው ብዬ ለኮስኩት።»

ቶርላይቭ ሰኞ ዳሌውን ሊታከም በርገን ከተማ ሄዶ ዐርብ ማታ ነው የተመለሰው። ወደ ጀልባው ያደረሰውም፣ ከጀልባው ያመጣውም ሲግቢዮርን ነው። በቬስለዳል አንድ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ የማያውቅ የለም። ጉንቮር ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ አምስቱንም ቀን ድመቱን ያበላችለት እሷ ናት። ሐሙስ ዕለትም አብልታዋለች፤ ጓዳው ውስጥ ገብታ የዓሣ ቆርቆሮ ስትከፍት ጣቷን ቆርጧታል፣ ፕላስተሩ እስካሁን ጣቷ ላይ አለ።

ቶርላይቭ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። አሁን ጆሮው እንደ ፍም ሆኗል። ቢሆንም ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ክፍሉ ውስጥ «አንተ እኮ በርገን ነበርክ» ያለ አንድም ሰው የለም።

ጉንቮር ልትል ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ብትለው ምን ይቀራታል? እሳቱ ያለ ባለቤት ይቀራል፤ ያለ ባለቤት ከቀረ ደግሞ የእሷ ነው። ምናልባት የእሷ ነው። ምናልባትም በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አንዴ የሚረሳው ዓይነት ነገር ነው። ይህን የሚነግራት ሐኪምም፣ ወረቀትም፣ አይብም የለም። ፈራች፤ ፍርሃቱ ከጠዋቱ አልቀነሰም። ግን ይህ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ዕድሜ ልኩን ያልዋሸውን ዓይነት ውሸት አሥራ አምስት ሰው ፊት ቆሞ ስለ እሷ ዋሸ። ልቧ ተነካ።

«እንግዲያው አንተን ብቻህን እሳት አጠገብ ማስጠጋት አይቻልም» አለችው።

«አይቻልም» አለ ቶርላይቭ።

«ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለህ። ወተት በሚሞቅበት ቀን ሁሉ አጠገቤ ትቆማለህ። አይብ ማሸትም ትማራለህ።»

«እመጣለሁ።»

«እሳቱን የነካ ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል። ለኮስኩ ይላል፣ አጠፋሁ ይላል። የሰማውም ሰው ሰማሁ ይላል። ይሄ ለሁላችሁም ነው! ዝም ብሎ ገብቶ የሚያጥብ፣ ዝም ብሎ የሚገለብጥ ባገኝ በዚያ ድስት ነው የምቀቅለው። ኦድኒ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች ኦድኒ በትንሽ ድምፅ፤ እንደ ተማሪ።

«ሳንቃውስ?» አለ ሲግቢዮርን። «ሞቷል እንግዲህ?»

«ወፍራም እንጨት ነው። ውስጥ ድረስ ያጠበው የለም። ከተዋችሁት ይነሳል» አለች ጉንቮር። እርግጠኛ አልነበረችም። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ኪሷ ከተተችው፤ ሦስቱን ገጽ ግን እዚያው ተወችው፣ የሚጨምርበት ሰው ካለ ይጨምር ብላ።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቶርላይቭ ዳሌውን እየጎተተ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጉንቮር ሽርጥ ወረወረችለት። ድስቱን ቅዳሜና እሑድ አራት ሰዎች በሽቦ ፈትገውት ሥሩ ያበራ ነበር፤ ማን ማን እንደሆኑ በዚህ ጊዜ ስማቸውን በሩ ላይ ጽፈው ሄደዋል፣ ፊደሉ ግን ከእፍረት የተነሳ ሊነበብ የማይችል ነው። ወተቱን አብረው ድስቱ ውስጥ ገለበጡ። ጉንቮር ጋዙን ለኮሰች። «ለኮስኩ» ማለት ነበረባት፤ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ለኮስኩ» አለች። ቶርላይቭ ራሱን ነቀነቀ። አፈጠጠችበት።

«ሰማሁ» አለ።

እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው፤ አይቡ ቀስ እያለ ከአጓቱ ተለየ። ሰዓቱ ሲደርስ ጉንቮር እጀታውን ይዛ ወደ ቀኝ አዞረችው። ቀጭ አለ። እጇን ወዲያው አላነሳችም። ቃሉን ለማውጣት ታገለች፤ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችውን ሥራ ሠራሁ ብላ አታውቅም፣ አሁን ደግሞ ማፈሯን ብቻ ሳይሆን መፍራቷንም ይህ ሰው ያያል።

«አጠፋሁ» አለች።

ቶርላይቭ ጎንበስ ብሎ ከድስቱ ሥር ተመለከተ፤ ነበልባል አልነበረም።

«አየሁሽ» አላት።